ከስልኩ ጋር አብረው የሚመጡ መተግበሪያዎችና የባለቤቱ ፈቃድ

በደቡብ ጎንደር ዞን በሚገኙት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች የሞባይል ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ መላኪያና መቀበያ መሣሪያ እየሆነ መጥቷል። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች በሚገኙ ስልክ ቤቶች ለገበያ የሚቀርቡት ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግን የመሳሰሉ ዘመናዊ ስልኮች የሚሠሩት አንድሮይድ በተባለው ሥርዓት ነው። ገዢው ስልኩን ከካርቶኑ ሲያወጣ ግን እርሱ ያልመረጣቸውና ያልጫናቸው በርካታ መተግበሪያዎች ቀድመው ገብተው ይጠብቁታል።

ከእነዚህ መተግበሪያዎች የሚበዙት ለስልኩ ሥራ አስፈላጊ ናቸው። ሌሎቹ ግን የባትሪ ኃይል ይጨርሳሉ፣ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላሉ፣ ማስታወቂያ ያመጣሉ። ከዚህም አልፎ ባለቤቱ ሳያውቅ የአየር ሰዓት ሂሳቡን የቀነሱበት አጋጣሚ በኢትዮጵያ ታይቷል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ለሚኖርና ስልኩን ቻርጅ ለማስደረግ የገበያ ቀን ለሚጠብቅ አርሶ አደር የባትሪ ማለቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ መሰል ቆላማ አካባቢዎች የወረደ ልጁ የሚልክለትን ገንዘብ በስልክ ለሚቀበል ቤተሰብም የስልኩ ደኅንነት የኑሮ ጉዳይ ነው።

በመሆኑም የስልኩ ባለቤት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። እነርሱም ከስልኩ ጋር አብረው የሚመጡ መተግበሪያዎች፣ ላውንቸር የሚባለው የመነሻ ገጽ አዘጋጅና ለመተግበሪያዎች የሚሰጡ ፈቃዶች ናቸው።

በኢትዮጵያ የታየው አጋጣሚ

ዋና መሥሪያ ቤቱ በቻይና ሼንዘን ከተማ የሆነው ትራንሽን ኩባንያ የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስልኮች አምራች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል። ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ የሞባይል ደኅንነት ክፍል የሆነው ሴኪዩር-ዲ ከበዝፊድ ኒውስ ጋር በመሆን ይፋ ያደረገው የምርመራ ውጤት፣ ቴክኖ ደብሊው 2 በተባሉ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተሰኙ ጎጂ ፕሮግራሞች መገኘታቸውን አመልክቷል።

እንደ ምርመራው ገለጻ እ.ኤ.አ ከማርች 2019 ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ከሆኑ የዚህ ዓይነት ስልኮች የተነሱ 19 ነጥብ 2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የአገልግሎት ግዢ ጥያቄዎች ታግደዋል። ጥያቄዎቹ በብዛት የታዩት በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ ነው።

የአሠራሩ ስልት ውስብስብ አልነበረም። ትሪያዳ በስልኩ ሥርዓት ውስጥ ተደብቆ ኤክስሄልፐርን ያወርዳል። ኤክስሄልፐር ደግሞ የስልኩ ባለቤት ምንም ሳይነካ በስሙ ለክፍያ አገልግሎቶች ይመዘግበዋል። ክፍያው የሚፈጸመው አስቀድሞ ከተሞላው የአየር ሰዓት ላይ በመሆኑ ባለቤቱ የሚያየው ነገር ቢኖር የሂሳቡን መቀነስ ብቻ ነው።

ትራንሽን በሰጠው ምላሽ ችግሩን ያስገባው በምርት አቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አቅራቢ መሆኑንና ለትሪያዳ እ.ኤ.አ በ2018፣ ለኤክስሄልፐር ደግሞ በ2019 መጨረሻ ማስተካከያ መልቀቁን አስታውቋል። ጉግልም እ.ኤ.አ በጁን 2019 ባወጣው መግለጫ ትሪያዳ በአቅራቢዎች በኩል ወደ አንዳንድ ስልኮች ሥርዓት ገና ከፋብሪካ ሳይወጡ መግባቱን አረጋግጧል።

ከዚህ አጋጣሚ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አዲስ ስልክ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ነው። ሁለተኛው፣ በሥርዓቱ ክፍል የገባን ፕሮግራም ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው በመመለስ ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል ነው። እንዲህ ያለውን ችግር የሚያስወግደው አምራቹ የሚለቀው ሕጋዊ የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ማሻሻያ መኖሩን ለማየት በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ «ሲስተም» ከዚያም «ሶፍትዌር አፕዴት» የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል።

አብረው የሚመጡ መተግበሪያዎች

የአንድሮይድ ስልክ የማከማቻ ቦታ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ክፍል አምራቹ ሥርዓቱን ያስቀመጠበት ሲሆን ለተጠቃሚው ይነበባል እንጂ አይለወጥም። ሁለተኛው ፎቶግራፍ፣ ሙዚቃና በተጠቃሚው የተጫኑ መተግበሪያዎች የሚቀመጡበት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ያለ መተግበሪያ ሊሰናከል እንጂ ፈጽሞ ሊጠፋ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አብረው የሚመጡትን መተግበሪያዎች በሦስት መድቦ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ ስልኩ ያለ እነርሱ የማይሠራባቸው ናቸው። ጥሪ ማድረጊያው፣ የመልእክት ሳጥኑ፣ «ሲስተም ዩአይ»፣ «ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ» እና «አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው» በዚህ ይመደባሉ። እነዚህን መንካት አይገባም። ሁለተኛዎቹ ጠቃሚ ሆነው በሌላ ሊተኩ የሚችሉ ሲሆኑ የኢንተርኔት ማሰሻ፣ የሙዚቃ ማጫወቻና የፊደል ገበታ ይጠቀሳሉ። ሦስተኛዎቹ አምራቹ ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ባለው የንግድ ስምምነት መሠረት የሚገቡ ጨዋታዎች፣ የዜና ማቅረቢያዎችና ተጨማሪ የመተግበሪያ መደብሮች ናቸው። ተጠቃሚው ያለ ስጋት ሊያስወግዳቸው ወይም ሊያሰናክላቸው የሚችለው በአብዛኛው እነዚህን ነው።

አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ «ሴቲንግስ»፣ ስልኩ በአማርኛ ከተስተካከለ «ቅንብሮች»፣ ይከፈታል። ቀጥሎ «አፕስ» ወይም «መተግበሪያዎች» የሚለው ተመርጦ ሙሉ ዝርዝሩ ይታያል። የተፈለገው መተግበሪያ ሲነካ «አንኢንስቶል» ወይም «አራግፍ» የሚል ቁልፍ ከታየ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ይቻላል። በምትኩ «ዲሴብል» ወይም «አሰናክል» የሚል ከሆነ መተግበሪያው በቦታው ቢቆይም ከዚያ በኋላ አይሠራም፣ ኢንተርኔት አይጠቀምም፣ ምልክቱም ከገጹ ላይ ይሰወራል። ይህ አማራጭ እ.ኤ.አ በ2011 ከወጣው አንድሮይድ 4 ጀምሮ ያለ ነው። ውሳኔው ስህተት ሆኖ ከተገኘ በዚያው መንገድ ተመልሶ «ኢኔብል» በማለት መተግበሪያውን ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። «ፎርስ ስቶፕ» የሚለው ቁልፍ መተግበሪያውን ለጊዜው ብቻ የሚያቆም ሲሆን ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም ሌላ ፕሮግራም ሲጠራው ዳግም ይነሳል። እንዲሁም ማሰናከል የሚያስገኘው የማከማቻ ቦታ ትንሽ ነው፤ የሚለቀቀው በኋላ የወረደው ማሻሻያና የተጠራቀመው መረጃ ብቻ ነውና። ትልቁ ጥቅሙ በባትሪ፣ በኢንተርኔት ጥቅልና በስልኩ ፍጥነት ላይ ነው።

የማሰናከያ ቁልፍ የሌላቸው መተግበሪያዎችም አሉ። እነዚህን ስልኩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ በትእዛዝ ማስነሳት የሚቻልበት ኤዲቢ የተባለ ዘዴ አለ። ነገር ግን የተሳሳተ መተግበሪያ ከተነሳ ስልኩ በትክክል ላይነሳ ይችላል። የሥርዓቱን ሙሉ ሥልጣን ለመያዝ የሚደረገው «ሩት» የተባለው አሠራር ደግሞ የስልኩን ጥበቃ የሚያላላ፣ ዋስትናውን የሚያሳጣና አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች እንዳይሠሩ የሚያደርግ በመሆኑ ለገንዘብ አገልግሎት በሚውል ስልክ ላይ አይመከርም።

ላውንቸር ወይም የመነሻ ገጽ አዘጋጅ

ስልኩ ሲከፈት በቅድሚያ የሚታየውን ገጽ፣ የምልክቶቹን አደራደርና መጠን የሚወስነው ላውንቸር የሚባል መተግበሪያ ነው። ቴክኖ ኃይኦኤስ፣ ኢንፊኒክስ ኤክስኦኤስ፣ ሳምሰንግ ደግሞ ዋን ዩአይ በተባሉት ሥርዓቶቻቸው ውስጥ የየራሳቸውን ላውንቸር ያቀርባሉ። ከአንዳንዶቹ ጋር የዜና ገጽ፣ የጨዋታ ጥቆማና ማስታወቂያ አብሮ ስለሚመጣ ተጠቃሚው ሳይፈልግ የኢንተርኔት ጥቅሉ ይቀንሳል። ለዚህ የሚሆነው የመጀመሪያ መፍትሔ ላውንቸሩን መቀየር ሳይሆን በመነሻ ገጹ ባዶ ቦታ ላይ ጣትን አስቆይቶ የሚመጣውን ማስተካከያ በመክፈት የጥቆማና የዜና አማራጮችን ማጥፋት ነው።

በዕድሜ ለገፉና ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ስልክ የሚያዘጋጁ ልጆች በመነሻ ገጹ ላይ ጥሪ፣ የስም ዝርዝር፣ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ብቻ ትተው ሌላውን ከፊት ማንሳት ይችላሉ። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ምልክቶችንና ፊደላትን የሚያጎላ «ኢዚ ሞድ» የተባለ አማራጭም አለ። ይሁንና አንድን ምልክት ከመነሻ ገጽ ላይ ማንሳት መተግበሪያውን ማጥፋት አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ሌላ ላውንቸር መጠቀም የፈለገ ሰው ከጉግል ፕሌይ መደብር ካወረደ በኋላ በመተግበሪያዎች ማስተካከያ ውስጥ «ዲፎልት አፕስ» ከዚያም «ሆም አፕ» የሚለውን ከፍቶ ምርጫውን ያስቀምጣል። አዲሱ ካልተስማማውም በዚያው መንገድ ወደ ነባሩ ይመለሳል። ነባሩን ላውንቸር ማሰናከል ግን አይገባም፤ አዲሱ በተበላሸ ጊዜ ስልኩ የመነሻ ገጽ ያጣልና።

አንዳንድ ጎጂ መተግበሪያዎች ምልክታቸውን ከመነሻ ገጹ ላይ ይሰውራሉ። ኤክስሄልፐርም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለሆነም በስልኩ ውስጥ ያለውን ለማወቅ በላውንቸሩ ገጽ ላይ መተማመን ሳይሆን በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ያለውን ሙሉ ዝርዝር መመልከት ይገባል።

ፈቃድ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው

እስከ አንድሮይድ 5 ድረስ በነበሩት ስልኮች አንድ መተግበሪያ ሲጫን የሚጠይቃቸው ፈቃዶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰጡ ነበር። ያልተስማማ ሰው የነበረው አማራጭ መተግበሪያውን አለመጫን ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ይህንን ለውጦ ለካሜራ፣ ለድምፅ መቅጃ፣ ለስም ዝርዝር፣ ለአጭር መልእክት፣ ለጥሪና ለመገኛ ቦታ በየተራ ፈቃድ እንዲጠየቅ አድርጓል።

በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10 መተግበሪያው በሥራ ላይ ሳለ ብቻ መገኛ ቦታን እንዲያውቅ የሚፈቅድ አማራጭ ጨምሯል። በ2020 የወጣው አንድሮይድ 11 ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ያመጣ ሲሆን፣ ለወራት ያልተከፈተ መተግበሪያ ፈቃዱ በራሱ እንዲነሳም አድርጓል። ከ2021ዱ አንድሮይድ 12 ጀምሮ ካሜራ ወይም ድምፅ መቅጃ በሥራ ላይ ሲሆን በገጹ የላይኛው ጥግ አረንጓዴ ምልክት ይታያል። በ2022 በወጣው አንድሮይድ 13 ላይ ደግሞ መተግበሪያዎች ማሳወቂያ ለመላክም ፈቃድ መጠየቅ ጀምረዋል።

ፈቃድ ሲጠየቅ ሊመዘን የሚገባው ጥያቄው ከመተግበሪያው ሥራ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ካርታ መገኛ ቦታን፣ የፎቶግራፍ መተግበሪያ ካሜራን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የእጅ ባትሪ መተግበሪያ ግን መገኛ ቦታንና የስም ዝርዝርን የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2013 «ብራይተስት ፍላሽላይት» በተባለው የእጅ ባትሪ መተግበሪያ አዘጋጅ ላይ እርምጃ የወሰደው፣ የተጠቃሚዎችን መገኛ ቦታ በቂ መረጃ ሳይሰጥ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ ስለነበር ነው።

በገንዘብ ረገድ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የአጭር መልእክት ፈቃድ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርም ሆነ ባንኮች የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በአጭር መልእክት ነው። ይህንን ፈቃድ ያገኘ ማንኛውም መተግበሪያ ቁጥሩን ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታ፣ የመዝሙር ስብስብ ወይም የግድግዳ ምስል ማቅረቢያ የመልእክት ፈቃድ ከጠየቀ «ዶንት አላው» ወይም «አትፍቀድ» የሚለውን መምረጥ ይገባል።

በአማርኛ ለመጻፍ የሚጫኑ የፊደል ገበታዎችም ልዩ ትኩረት ያሻቸዋል። የፊደል ገበታ የሚስጥር ቁጥርን ጨምሮ ባለቤቱ የሚጽፈውን ሁሉ የሚያልፍበት በር ነው። ምንጩ ያልታወቀ ገበታ ከመጫን ይልቅ አማርኛን የሚደግፈውንና በብዙ ስልኮች ላይ አስቀድሞ የሚገኘውን የጉግል ጂቦርድ መጠቀም ይመረጣል።

ከተለመዱት ፈቃዶች ውጪ «ስፔሻል አክሰስ» በሚል የሚመደቡ ከፍተኛ ሥልጣን ያላቸው ፈቃዶች አሉ። ከሌሎች መተግበሪያዎች በላይ መታየት፣ ማሳወቂያዎችን ማንበብና የመሣሪያው አስተዳዳሪ መሆን ከእነዚህ መካከል ይገኙበታል። «አክሰሲቢሊቲ» ወይም «ተደራሽነት» የሚባለው ማስተካከያ ደግሞ ማየት ለተሳናቸውና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ተብሎ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ የተሰጠው መተግበሪያ በገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብና በባለቤቱ ምትክ ቁልፍ መጫን ስለሚችል አጭበርባሪዎች አጥብቀው ይፈልጉታል።

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ መተግበሪያዎች

የኢንተርኔት ጥቅል ውድ በሆነበትና መረቡ በሚቆራረጥበት አካባቢ ወጣቶች መተግበሪያዎችን በዜንደር፣ በሜሞሪ ካርድና በቴሌግራም ይቀባበላሉ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ስልኮች በጉግል በኩል የሚገኘውን የደኅንነት ማሻሻያ በሞባይል መረብ ማግኘት አይችሉም ነበር። ኤፒኬ በመባል የሚታወቀው የመጫኛ ፋይል በእጅ ሲተላለፍ ማን እንዳዘጋጀውና በመንገድ ላይ ምን እንደተጨመረበት ተቀባዩ ሊያውቅ አይችልም። ካስፐርስኪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2021 «ኤፍኤም ዋትስአፕ» በተባለ የተቀየረ የዋትስአፕ ቅጂ ውስጥ ይኸው ትሪያዳ መገኘቱን ማስታወቁ ለዚህ ማሳያ ነው።

ከ2017 የአንድሮይድ 8 ስሪት ጀምሮ ከመደብር ውጪ መተግበሪያ የመጫን ፈቃድ ለእያንዳንዱ ምንጭ ለየብቻ የሚሰጥ ነው። ለዜንደር ወይም ለቴሌግራም የተሰጠውን ይህን ፈቃድ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» በሚለው ማስተካከያ መልሶ መንሳት ይቻላል። በዜንደር መተግበሪያ መቀበል ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ፕሌይ መደብርን ከፍቶ «ፕሌይ ፕሮቴክት» የተባለው መፈተሻ ስልኩን እንዲመረምር ማድረግ ይኖርበታል። የቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎችን ግን ከሕጋዊው መደብር ውጪ ከማንም መቀበል አይገባም።

ስልክ ሲገዛም በስልክ ቤቱ ሠራተኛ የጉግል አካውንት ተከፍቶ ከመውጣት መቆጠብ ያስፈልጋል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ያሉ ስልኮች ለስርቆት መከላከያ ሲባል በመልሶ ማስተካከያ ቁልፎቹ በኩል ሲጸዱ የቀድሞውን አካውንት የይለፍ ቃል ስለሚጠይቁ ባለቤቱ በገዛ ስልኩ ውጪ ሊቀር ይችላል። የተበላሸ ስልክ «ፍላሽ» ሲደረግም የሚጫነው ሶፍትዌር ከአምራቹ የወጣ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር ጎጂ ፕሮግራምን በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ ሊያስገባ ይችላልና።

ምልክቶችና ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ያልተደወለበት የአየር ሰዓት መቀነስ፣ ያልተከፈተ ማስታወቂያ በገጹ ላይ መምጣት፣ ስልኩ ሳይነካ መሞቅና የባትሪው ቶሎ ማለቅ የችግር ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሞባይል ዳታን መዝጋት፣ ቀጥሎ ከሙሉ ዝርዝሩ ውስጥ የማይታወቀውን መተግበሪያ ለይቶ ማስወገድ ያስፈልጋል። መተግበሪያው አልወገድ ካለ የመሣሪያ አስተዳዳሪነትና የተደራሽነት ፈቃድ ተሰጥቶት እንደሆነ ማየትና ፈቃዱን አስቀድሞ መንሳት ይገባል። ያልተጠየቀ የክፍያ አገልግሎት ምዝገባን በተመለከተ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 የደንበኞች አገልግሎት ደውለው መጠየቅና ማቋረጥ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ችግሩ ከቀጠለ የአምራቹን ማሻሻያ መጫን፣ ማሻሻያ ከሌለው ግን ያንን ስልክ ለገንዘብ ዝውውር አለመጠቀም ይመረጣል።

በሕግ ረገድ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም ወገን ያለበትን ግዴታ የደነገገ ሲሆን አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሕጉ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ተጠያቂን ለመለየት ያግዛል። ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ያለው ጥበቃ ግን በአብዛኛው በስልኩ ባለቤት እጅ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙውን ጊዜ የቤተሰቡን ስልክ የሚያስተካክሉት ተማሪ ልጆች ናቸው። እነርሱ በየወሩ አንድ ጊዜ የወላጆቻቸውን ስልክ ከፍተው የመተግበሪያዎችን ዝርዝርና የተሰጡትን ፈቃዶች ቢመለከቱ፣ የማይታወቀውን ቢያነሱና የተደረገውን ለወላጆቻቸው ቢያስረዱ ከጥቂት ደቂቃዎች ያልበለጠ ሥራ የቤተሰቡን ገንዘብ ከጥፋት ይጠብቃል።